ፈራሚውና ከፋዩ፤ ስለ ግብር ቅናሽና ስለ አካባቢ መስተዳድሮች የጋራ አስተዳደር

አንድ ከተማ ሲደኸይ መንግሥት ሊረዳው የሚችልበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከግምጃ ቤት ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ሊቀበለው የሚገባውን ግብር ሳይቀበል መተው ነው። የመጀመሪያው በበጀት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ፥ በምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት፥ በኦዲተር ተመርምሮ የሚወጣ ስለ ሆነ ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። ያልገባ ገንዘብ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ወጣ ገንዘብ አይቈጥረውም። ለግምጃ ቤቱ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ መቶ ብር ሰጥቶ ማጣትና መቶ ብር ሳይቀበሉ መቅረት በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ላይ ልዩነት የላቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን መንገድ መመርመር ነው። በተለይም የደከመ አካባቢን ለማነቃቃት ተብሎ የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ ከተሞችና አውራጃዎች ከበላይ መንግሥት ጋር፥ ወይም እርስ በርሳቸው ተካፍለው ሲያስተዳድሩት ምን እንደሚሆን እንመለከታለን። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ነገሩ ተወልዶ ካደገባቸው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፥ የተለየ ምልክት ከሌለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ) የቃሉ ትርጉም

በእንግሊዝኛ «ታክስ ክሬዲት» የሚባለውን እኔ በዚህ ጽሑፍ «የግብር ቅናሽ» እለዋለሁ። ትርጉሙም ግብር ከፋዩ ከሚከፍለው ግብር ላይ በቀጥታ የሚነሣለት ገንዘብ ማለት ነው። ይህ ወጪን ከትርፍ ላይ ከማቀናነስ ይለያል። አንድ ነጋዴ 1,000 ብር ወጪውን ከትርፉ ላይ ቢያቀናንስና የግብሩ ልክ ከመቶ 30 ቢሆን የሚተርፈው 300 ብር ብቻ ነው። የ1,000 ብር የግብር ቅናሽ ቢሰጠው ግን የሚተርፈው ሙሉው 1,000 ብር ነው። እንግዲህ ቅናሹን የሚፈቅድ ሰው በፊርማው የመንግሥትን ገንዘብ ለግል ድርጅት ያስተላልፋል ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ለ) የሐሳቡ መነሻ

በ1977 ፒተር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ የከተማ ፕላን ምሁር፥ ተስፋቸው የተሟጠጠ የከተማ ክፍሎች ከግብርና ከደንብ ብዛት ነጻ ቢወጡ ምን ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰር ጄፍሪ ሃው ይህን ሐሳብ ተቀብለው በ1980 የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በበጀት ንግግራቸው አስታወቁት፤ በ1981 የመጀመሪያዎቹ «ኢንተርፕራይዝ ዞኖች» ተቋቋሙ። እኛ እነዚህን «የሥራ ማነቃቂያ ቀጠናዎች» ብንላቸው ያስኬዳል።

በቀጠናው ውስጥ የሚሠሩ ድርጅቶች ለ10 ዓመት ያህል «ሬትስ» ከሚባለው ከአካባቢው የሕንፃ ግብር ነጻ ሆኑ። ለንግድና ለፋብሪካ ሕንፃ ያወጡትንም መቶ በመቶ ከትርፋቸው ላይ እንዲያቀናንሱ ተፈቀደላቸው። ማዘጋጃ ቤቶቹ በዚህ ምክንያት ያጡትን የሕንፃ ግብር ማዕከላዊው መንግሥት ተካላቸው። ስለዚህ ቀጠናውን የሚያስተዳድረው አካባቢው፥ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ለንደን ሆነ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ወደ ቀጠናዎቹ ከገቡት ድርጅቶች ብዙዎቹ ከዚያው አካባቢ የተዛወሩ መሆናቸው ታወቀ። ከቅናሹም ከፊሉ የመሬትና የሕንፃ ኪራይ ጭማሪ ሆኖ በባለ ንብረቶች እጅ ቀረ።

ሐ) ካሊፎርኒያ፤ የማኅተሙ ታሪክ

ሐሳቡ ወዲያውኑ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ግዛቶቹ የፌዴራሉን መንግሥት ሳይጠብቁ በየራሳቸው ሕግ አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ በሰፊው የተሠራበትና ብዙ ትምህርት የሚገኝበት የካሊፎርኒያው ነው። ሕጉ በ1984 ወጣ፤ በ1996 ተሻሻለ፤ ቀጠናዎቹም እስከ 42 ደረሱ። አንድ ከተማ ብቻውን፥ ወይም ከተሞችና ካውንቲ (እኛ አውራጃ እንደምንለው ያለ) ተባብረው ለቀጠና ማመልከት ይችሉ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሕጉ ከዘረዘራቸው ወገኖች አንዱን፥ ይኸውም የመንግሥት ድጎማ የሚቀበለውን፥ ሥራ ያጣውን የጦር ሠራዊት አባል የነበረ ሰው፥ ከወኅኒ የወጣውን፥ ወይም ድሆች በሚበዙበት ሰፈር የሚኖረውን የቀጠረ ድርጅት የሠራተኛውን ማስረጃ ይዞ ወደ ቀጠናው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የቀጠናው ሥራ አስኪያጅ የአካባቢው መስተዳድር ሰው ነው። እርሱ ማስረጃውን ተመልክቶ «ቫውቸር» የሚባለውን የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ድርጅቱ በዚህ ወረቀት መሠረት ለግዛቱ መንግሥት ከሚከፍለው ግብር ላይ ቅናሹን ይወስዳል።

ቅናሹ ምን ያህል ነበር? በመጀመሪያው ዓመት ከሠራተኛው ደመወዝ ግማሹ፥ በሁለተኛው ከመቶ 40፥ በሦስተኛው 30፥ በአራተኛው 20፥ በአምስተኛው 10 ነው። የሚታሰበው ደመወዝ ግን ከዝቅተኛው የደመወዝ ልክ ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ2008 የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 8 ዶላር ስለ ነበር ጣሪያው 12 ዶላር ይሆናል። አንድ ሰው በዓመት 2,080 ሰዓት ቢሠራ ደመወዙ 24,960 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ቅናሹ 12,480፥ 9,984፥ 7,488፥ 4,992 እና 2,496 ዶላር ይሆናል። በ5 ዓመት ሲደመር 37,440 ዶላር ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ የአንድ የማዘጋጃ ቤት ሹም ፊርማ ናት።

አሁን የሥራ አስኪያጁን ወንበር ይዘን እናስብ። እያንዳንዱ ፊርማ ለከተማው ነጋዴ ገንዘብ ያመጣል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ምስጋና ያመጣል፤ ከማመልከቻውም የአገልግሎት ክፍያ ይገኛል። ከማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ግን አንዲት ሳንቲም አያወጣም፤ የሚቀነሰው የግዛቱ ገቢ ነውና። ታዲያ ይህ ሹም ለምን ብሎ እምቢ ይላል? አባቶች «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል። እዚህ ላይ ሞኙ የግዛቱ ግምጃ ቤት ነው፤ መጥረቢያውን ያቀበለውም ራሱ ነው።

ይህን ስል ሹማምንቱ ሌቦች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ለከተማቸው የሚያስቡ ትጉሃን ነበሩ ብሎ መገመት ይቻላል። ክፋቱ ያለው በሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን በሥርዓቱ አሠራር ነው። ደግ ሰው እንኳ በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ እንዲፈርም ሲፈቀድለት እጁ ቀና ይሆናል።

ውጤቱም ቀስ በቀስ ታየ። አማካሪ ድርጅቶች ከሚገኘው ቅናሽ ላይ ድርሻ እየተከፈላቸው የኩባንያዎችን የቆየ የደመወዝ መዝገብ ያገላብጡ ጀመር። ከዓመታት በፊት ለተቀጠሩ ሠራተኞች ቫውቸር እየተጠየቀ፥ ቀድሞ የተከፈለው ግብር እየታረመ ይመለስ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የአመክንዮ ጥያቄ እናንሣ፤ ሰውየው ከተቀጠረ ከዓመታት በኋላ የተገኘ ቅናሽ እንዴት አድርጎ ሊያስቀጥረው ይችላል? ምክንያት ከውጤት በኋላ አይመጣም። እንዲሁም ድሆች በሚበዙበት ሰፈር መኖር ብቻውን በቂ ስለ ነበር፥ በዚያ ሰፈር የሚኖረው ደኅና ኑሮ ያለው ሰውም ለአሠሪው ቅናሽ ያስገኝ ነበር።

በ2009 የካሊፎርኒያ የሕዝብ ፖሊሲ ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ጄድ ኮልኮና ዴቪድ ኑማርክ ባወጡት ጥናት፥ ቀጠናዎቹ በአማካይ ሲታዩ የሥራ ቍጥር ለመጨመራቸው ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ሁሉም ቀጠና አንድ ዓይነት አልነበረም። ሥራ አስኪያጆቻቸው ከተማቸውን ለማስተዋወቅና ነጋዴውን ለማግኘት የበለጠ በደከሙባቸው ቀጠናዎች የተሻለ ውጤት ታይቷል። ይህ በጣም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። የአካባቢው ሹም ዋጋ ያለው በማኅተሙ ሳይሆን በእግሩና በዕውቀቱ ነው ያሰኛል።

በመጨረሻ ለግዛቱ ግምጃ ቤት የሚቀርበት ገንዘብ በዓመት ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፥ በ2013 አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ፕሮግራሙን የሚሽር ሕግ ፈረሙ፤ ቀጠናዎቹም በ2014 መጀመሪያ ቀሩ። በምትካቸው ከቆሙት አንዱ «ካሊፎርኒያ ኮምፒትስ» የተባለው ነው። በዚህ ድርጅቱ ይህን ያህል ሰው እቀጥራለሁ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ሥራ ላይ አውላለሁ ብሎ አስቀድሞ ከግዛቱ ጋር ይዋዋላል፤ ቃሉን ካልጠበቀ ቅናሹ ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ግዛቱ ፊርማውን ወደ ራሱ ወሰደ ማለት ነው። ሆኖም አብሮ የቀረ ነገር አለ። ሰፈሩን የሚያውቀው የከተማው ሰው ከወሳኝነት ወጣ።

መ) ጎረቤቶች ሲካፈሉ

ከላይ ያየነው የታችኛው መንግሥት ከላይኛው ጋር ሲካፈል ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሲካፈልስ?

በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የራሱን ቀጠናዎች የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በ1994 መጨረሻ ከተመረጡት 6 የከተማ ቀጠናዎች አንዱ ለሁለት ከተሞች በአንድነት ተሰጠ፤ እነርሱም የፔንሲልቬኒያዋ ፊላዴልፊያና የኒው ጀርሲዋ ካምደን ናቸው። በመካከላቸው የዴላዌር ወንዝ ይፈስሳል፤ ገዥዎቻቸውም ሕጎቻቸውም ልዩ ልዩ ናቸው። ቀጠናው ግን አንድ ሆነ። ከፌዴራሉ መንግሥት የተመደበው 100 ሚሊዮን ዶላር 79 ሚሊዮኑ ለፊላዴልፊያ፥ 21 ሚሊዮኑ ለካምደን ተብሎ ተከፈለ። ክፍፍሉ በቍጥር ስለ ታወቀ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሊሻማ አልቻለም።

የግብሩ ቅናሽ ደግሞ እንደ ካሊፎርኒያው አልነበረም። ሠራተኛው በቀጠናው ውስጥ የሚሠራም የሚኖርም መሆን አለበት፤ ለአሠሪው የሚነሣለትም ከመጀመሪያው 15,000 ዶላር ደመወዝ ላይ ከመቶ 20፥ ማለት በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ነው። ድርጅቱ ቅናሹን የሚጠይቀው በቀጥታ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ የከተማው ሹም ቫውቸር አይፈርምም። የከተማው ሥራ ዕቅድ ማውጣትና የተሰጠውን ገንዘብ ለሥልጠና፥ ለብድርና ለመሳሰለው ማዋል ነበር። ማቲያስ ቡሶ፥ ጄሲ ግሬጎሪና ፓትሪክ ክላይን የተባሉ ኤኮኖሚስቶች በ2013 ባሳተሙት ጥናት በመጀመሪያዎቹ የፌዴራል ቀጠናዎች ሥራም ደመወዝም መጨመሩን ገልጸዋል። እርግጥ ነው፥ እዚህ ቅናሹና የጥሬ ገንዘቡ እርዳታ አብረው ስለ ተሰጡ ምስጋናው የማንኛው እንደ ሆነ መለየት ቀላል አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ኢሊኖይ ነው። የዚህ ግዛት የቀጠና ሕግ በ1982 የወጣ ሲሆን ከተሞችና ካውንቲዎች ለብቻቸው ወይም በአንድነት ቀጠና እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። እንዲያውም መተባበርን የሚያበረታታ አንቀጽ አለበት፤ አንድ ቀጠና ከ12 ካሬ ማይል እንዳይበልጥ ሲወሰን፥ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ መስተዳድሮች ከተባበሩ ግን እስከ 15 ካሬ ማይል ሊሰፋ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ አስተዳዳሪ ይሾማል፤ እርሱም የከተማው ወይም የካውንቲው ሹም ወይም ሠራተኛ መሆን አለበት።

በ2012 ሕጉ ሲሻሻል ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፥ አዲስ ቀጠና የሚፈልጉ ሁሉ እንደ ሥራ አጥነትና ድህነት ባሉ መለኪያዎች እየተመዘኑ እንዲወዳደሩ ሆነ። ሁለተኛ፥ ለሕንፃ መሣሪያ ከሽያጭ ግብር ነጻ የሚያደርገውን ወረቀት የቀጠናው አስተዳዳሪ ሲጠይቅ የሚሰጠው የግዛቱ የገቢ መሥሪያ ቤት እንዲሆን ተደረገ፤ ተጠቃሚዎቹም ምን ያህል ግብር እንደ ቀረላቸው በየዓመቱ እንዲያስታውቁ ታዘዙ። ከዚህም ሌላ የአካባቢው መስተዳድሮች የራሳቸውን የንብረት ግብር ለባለ ፋብሪካው መቀነስ ይችላሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚያጡት ከገዛ ኪሳቸው ስለ ሆነ ቆም ብለው ያስባሉ።

ልዩነቱን አስተውሉ። በካሊፎርኒያ አካባቢው ይፈርማል፥ ግዛቱ ይከፍላል። በኢሊኖይ የሽያጭ ግብሩን ወረቀት አካባቢው ይጠይቃል፥ ግዛቱ ይፈርማል፤ ለንብረት ግብሩ ግን ፊርማውም ዕዳውም ያው የአካባቢው ነው።

ሠ) ምን እንማራለን?

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር የሚገኝ ይመስለኛል።

1ኛ፤ የሚፈርም ሁሉ ከሚከፈለው ድርሻ ይኑረው። ድርሻው ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ነገር ግን ሊሰማው ይገባል። ዕዳ የሌለበት ፊርማ ለሹሙ ፈተና ነው።

2ኛ፤ ጎረቤት መስተዳድሮች ቀጠናውን በካርታ ላይ ከመሳላቸው በፊት ማን ምን እንደሚሠራ፥ ማን ምን እንደሚያገኝና ማን ምን እንደሚያጣ በጽሑፍ ይወስኑ። ተባብረው ካልያዙት አንዱ ከተማ የሌላውን ፋብሪካ በቅናሽ እየሳበ ይወስዳል፤ በካርታው ላይ አንድ ቦታ ሲለማ ሌላው ይራቆታል፤ የአገሩ ድምር ግን ያው ነው። የጋራ ቀጠና ዋነኛ ጥቅም ይህን የወንድማማች ሽሚያ ማስቀረቱ ነው።

3ኛ፤ ቈጠራው ከፈራሚው እጅ ውጭ ይሁን። ስንት ሰው ተቀጠረ፥ ስንት ግብር ቀረ የሚለው በየዓመቱ በታወቀ መዝገብ ለሕዝብ ይገለጽ። ያልገባ ገንዘብ እንደ ወጣ ገንዘብ መታየት አለበት።

አንድ ተከራካሪ «ድሀ ከተማ ከየት አምጥቶ ድርሻ ይከፍላል? የሚከፍለው ቢኖረው መቼ ቅናሽ ይለምን ነበር?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የተጨነቀውን ከተማ ዳግመኛ ማስጨነቅ አይገባም። ነገር ግን ድርሻ የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። የቅናሹ ጠቅላላ መጠን አስቀድሞ ተወስኖ ለቀጠናው በኮታ ቢሰጥ፥ ሹሙ ለአንዱ ሲፈርም ለሌላው የሚቀረው እንደሚያንስ ያውቃል። ያን ጊዜ ዛሬ ያላግባብ የሰጠው ነገ ለእውነተኛው ችግረኛ የሚጎድልበት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ድሀው ከተማ ያለ ምንም ጥሬ ገንዘብ የከፋይነትን ስሜት ያገኛል።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያውስ ሁሉን ማዕከላዊው መንግሥት ይያዘው» ይል ይሆናል። ይህም አያስኬድም። የትኛው ሱቅ ሊዘጋ እንደ ተቃረበ፥ የትኛው ወጣት ሙያ እያለው ሥራ እንዳጣ፥ የትኛው መንገድ በጎርፍ እየተቆረጠ ጭነት እንደሚያግድ በሩቅ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ከየት ያውቃል? የካሊፎርኒያው ጥናት ያመለከተውም የአካባቢው ሰው ሲደክም ለውጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ ከዕውቀቱ ጋር ዕዳው አብሮ ይካፈል እንጂ አስተዳደሩ ለአንድ ወገን ብቻ ይሰጥ አንልም።

ረ) ለእኛ ምን ይነግረናል?

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የግብርን ሥልጣን በ3 ከፍሎታል፤ 96ኛው አንቀጽ የፌዴራሉን፥ 97ኛው የክልሎችን፥ 98ኛው የሁለቱን የጋራ ግብር ይዘረዝራል። የኩባንያዎች የትርፍ ግብር በዚህ በጋራው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ከጋራ ግብር ላይ ለአንድ ኩባንያ ምሕረት በተደረገ ቍጥር የሚጎድለው የሁለት ግምጃ ቤት ገንዘብ ነው። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተማሪ ነገ በገንዘብ ቢሮ፥ በማዘጋጃ ቤት ወይም በኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤት ወንበር ሲይዝ እንዲህ ያለ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ይቀርብለታል።

ያን ጊዜ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ፊርማ የሚያጎድለው የማንን ካዝና ነው? ያ የሚጎድልበት ወገንስ ያውቃልን? መልሱን ካገኘ በኋላ ይፈርም ወይም ይተው፤ ያለ መልስ ግን አይፈርም።